የግራ ክርን

እትዬ የምትጮህ ሴት አይደለችም። የፈላ ውሃ እግሯ ላይ ቢደፋ «ወይ» ብላ ወንበር ፈልጋ የምትቀመጥ ሰው ናት። ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጩኸቷ ከማድ ቤት ሲሰማ፣ ታናሽ እህቷ ስትወሰውሰው የነበረውን እጅጌ ከነመርፌው ጥላ ተነሣች። ስፒሎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ልብስ ሰፊ ስፒል በትና ዞር ብላ ሳታይ ከሄደች፣ ነገሩ ምን ያህል እንዳስደነገጣት ከዚያ መገመት ይቻላል።

ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። የፊተኛው ክፍል የታናሿ፣ የልብስ ሰፊዋ መሥሪያ ነው፤ የስፌት መኪናዋ፣ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ ሰውን ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስታወትና በየመስቀያው የተንጠለጠሉ ያላለቁ ኮቶች እዚያ ናቸው። የኋላው ማድ ቤት የእትዬ ግዛት ነው። ባሏ ሞቶ ወደዚህ ከገባች ወዲህ ቤቱን ቀስ በቀስ እንደሚመቻት አድርጋዋለች፤ ዛሬ ሰፊዋ በገዛ ቤቷ ማንኪያ የት እንዳለ ጠይቃ ነው የምታገኘው።

እትዬ ካሮት ስትከትፍበት የነበረውን ቢላዋ ትታ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ማሙሽ ነው» አለች። «ልጄ ነው፤ እዪው።»

ሰፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ሰማያዊ ጭጋግ በመሰለ ብርሃን ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንገቱን የደፋ ወጣት ከበስተኋላና በከፊል ከጎን ይታያል። እንደ ጣት የወፈረ ቀይ ቀስት ወደ ኮቱ ኪስ ይጠቁማል። ከሥሩ በቢጫ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህ ወጣት በብርድ ደርቆ ተገኘ!! ኪሱ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ ፖሊሶቹን ሳይቀር አስለቀሰ!! ለእናቱ ምን ብሎ ጻፈ? እስከ መጨረሻው ይመልከቱ!!» የገጹን ስም አልነግራችሁም፤ እኔ ተከታይ አላበዛለትም።

«ለእናቱ ነው የሚለው» አለች እትዬ። «ለእናቱ።»

ሰፊዋ ኮቱን አየችው፤ ልቧ ዱብ አለ። ግራጫ ኮት ነው፤ ኮሌታው ሰፋ፣ ትከሻው ጠበቅ ያለ፣ ልክ እሷ እንደምትቆርጠው። ክርኑ ላይ ቡናማ እራፊ ተለጥፎበታል። ለእህቷ ልጅ የሰፋችለትም ኮት ክርኑ ላይ ቡናማ እራፊ አለው። ስልኩን አቀረበችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አቀረበችው። ከዚያ ትንፋሿ ተመለሰ።

«እትዬ፣ እሱ አይደለም! እራፊው ያለው ቀኙ ላይ ነው። የማሙሽ እኮ ግራው ነው!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም እንዴ የለጠፍኩት? በቀኙ እየጻፈ በግራው ጠረጴዛ ሲደገፍ ነው የተበላው። ቡናማ እራፊ ያለው ኮት ደግሞ በየመንገዱ ሞልቷል። እሱ አይደለም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

እትዬ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያም እህቷን ከፎቶው ይበልጥ ብዙ አየቻት።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች፤ ስልኩን ገልብጣ አስቀምጣ ፊቷን ታጠበችና ወደ ካሮቷ ተመለሰች።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ይህ ሁሉ ድንጋጤ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። የእትዬ አንድ ልጅ አናጺ ነው። ሩቅ ከተማ ሄዶ በርና ደረጃ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ዓመታት ሲማር ቆይቶ፣ ዋና አናጺ የሚያሰኘው ፈተና ደርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶበት መደወል ተወ። እትዬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሯ ብድግ ትላለች፤ ደንበኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ምንም እንዳልጠበቀች ሰው ትቀመጣለች። ሰፊዋ ይህን እያየች አንጀቷ አልችል አለ። አንድ ጠዋት የእህቷን ስልክ ከመደርደሪያ አንሥታ፣ በእህቷ አፍ ጻፈች፦ «ልጄ፣ አልጋ ይዣለሁ። በሕይወት ልታገኘኝ ከፈለግህ ዛሬውኑ ተነሣ።»

አንዴ ብቻ ይምጣ፣ ከመጣ በኋላ ሳቅ በሳቅ ይሆናል ብላ ነበር።

ልጁ መጣ። በሁለተኛው ቀን፣ ጢሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ በማድ ቤቱ በር ገባ። እናቱ ድንች እየላጠች፣ ሬዲዮ ላይ የሚቀልድ ሰው እያሳቃት ነበር።

«አሞሻል አይደል?» አላት።

እትዬ ነገሩ ስላልገባት ወደ እህቷ ዞረች፤ የእህቷን ፊት አየች፤ ገባት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «እኔ አልጻፍኩም» ብትል አለቀ። እትዬ ግን አላለችም።

«ናፍቀኸኝ ነው» አለችው።

«ፈተናው ትናንት ነበር» አለ ልጁ። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ፤ ስልክ ቁጥሩንም ቀየረ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እትዬ በዚህ ሁሉ ጊዜ እህቷን አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» ብላ አታውቅም። ሰፊዋም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ሁልጊዜ ነገ ትላለች፤ ነገ ሲደርስ አንድ ኮት ይመጣል።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ኮቱን ሊለካ መጣ። ሆዱ የተገፋ፣ ጨዋታ የሚያበዛ፣ ከመስታወት ፊት ካቆሙት የማይነሣ ሰው ነው። ሰፊዋ የግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሎ ስላገኘችው እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

«ቆይ፣ አንዴ ለሚስቴ ልላክላት» አለና ስልኩን አውጥቶ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ፎቶ አነሣ። «እዪው እስቲ፣ ሚኒስትር አልመስልም?»

«ሚኒስትር ይሁኑልኝ፤ ብቻ ሆድዎን አይሳቡት። የሚለብሱት እኮ ከነሆድዎ ነው» አለችና ፎቶውን ለመሳቅ ያህል አየችው። ሳቋ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ፎቶው ውስጥ የቆመው ሰውዬ የጠመኔው ምልክት ያለው በቀኝ ትከሻው ላይ ነው። ሹፌሩን አየች፤ ግራ። ፎቶውን አየች፤ ቀኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመስታወት ፊት የቆመች ሴት ናት። መስታወት ሰውን እንደሚያዞር ለማንም አስተማሪ ናት። ትናንት ግን፣ ፎቶም እንደ ጨርቅ ሊገለበጥ እንደሚችል አንዴ እንኳ አልመጣላትም። ለነገሩ እንዲመጣላት አልፈለገችም፤ «ቀኝ ነው» የምትልበትን ነገር ስትፈልግ አገኘችና እፎይ ብላ ተቀመጠች። የዚህ ዓይነት ሞኝነት የሚይዘን ደግሞ ነገሩን ከማንም በላይ በምናውቅበት በኩል ነው፤ ኮት የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ክርኑን ጨርሶ ባላየው ነበር።

ሹፌሩን «ሐሙስ ይምጡ» ብላ ከነስፒሉ ልትሸኘው ምንም አልቀራትም። ሰውዬው መስታወቱን በቃኝ ብሎ ሲወጣ መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከጎን ካለው ፎቶ ቤት ገባች።

ፎቶ አንሺውን መንደሩ ሁሉ «ሳቅ-በሉ» ነው የሚለው። ለመታወቂያ የሚነሣውንም፣ ከሐዘን የመጣውንም፣ ፊቱን ሲያይ «ሳቅ በሉ» ማለት ልማዱ ነው። እሱ ራሱ ግን ሲስቅ ያየው የለም። ሰፊዋ ትናንት ከእህቷ ስልክ ወደ ራሷ ያስተላለፈችውን ፎቶ ሰጠችው።

«ይሄ የተገለበጠ ነው ወይስ ያልተገለበጠ?»

ሳቅ-በሉ ጠየቅ አደረጋት፤ ነገረችው። ሌላ ምንም ሳይል ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በጣቱ ጥግ ላይ ጠቆማት። ከቀስቱ ጅራት ሥር፣ ከሩቅ ግድግዳ ላይ፣ የአንድ ማስታወቂያ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። ፊደላቱ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረዋል።

«የሰው ፎቶ ሲሰርቁ ይገለብጡታል» አላት። «ባለቤቱ ቢፈልገው እንዳይገኝ ብለው ነው።» አንድ ቁልፍ ነካ። ፊደላቱ ቀና አሉ፤ እራፊው ወደ ግራ ክርን ሄደ።

ሰፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ፎቶ የሚነሡ ሰዎች ናቸው፤ መብራቱ ፊቷ ላይ በራ። ትናንት እህቷን «አይደለም» ብላ አስተኝታታለች። አሁን እሱ ሆነ። ታዲያ ደርቆ የተገኘውም እሱ ነው ማለት ነው? ይህን ይዛ በየትኛው እግሯ ወደ ማድ ቤት ትገባለች?

«ፎቶው እሱ ነው» አለች። «ሞቷል።»

«ቀስ በይ። ፎቶው እሱ ከሆነ ጽሑፉ እውነት ነው ያለሽ ማነው?» አለ ሳቅ-በሉ። «ሁለቱ ለየብቻ የመጡ ዕቃዎች ናቸው። አንቺ የአንዱን ኮሌታ ለሌላው ኮት አትሰፊም እንዴ?»

ቪዲዮውን ከፈተው። አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ሰው ያልሆነ አንድ ድምፅ ቃላቱን እየረገጠ ያነባል፤ «ወጣቱ ኪስ ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ ግን…» ይልና «ከዚያ በፊት» ብሎ ስለ ብርድ ያወራል፤ ስለ እናት ፍቅር ያወራል፤ ተመልሶ «ደብዳቤው ግን…» ይላል። ሳቅ-በሉ እያሻገረ ወደ መጨረሻው ወሰደው። መጨረሻ ላይ ድምፁ «እናንተስ ምን ታስባላችሁ? ከታች ጻፉልን» ብሎ ዘጋ።

«ደብዳቤውስ?» አለች ሰፊዋ።

«የለማ! ስሙ ማነው? አልተባለም። የት ነው? አልተባለም። መቼ? አልተባለም። የትኛው ፖሊስ ነው ያለቀሰው? እሱም የለም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነተኛው ነገር ኮቱ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ገጹ ገብቶ የቆዩትን አንድ በአንድ አወረደላት። ባለፈው ወር ያው ፖሊስን ያስለቀሰ ደብዳቤ በአንድ ሽማግሌ መርከበኛ ኪስ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት በአንዲት ነርስ ቦርሳ። ደብዳቤው ኪስ ለኪስ ሲዞር ነው የከረመው።

ሰፊዋ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ግን እንባዋ ቀደመ። «ታዲያ እሱስ? ልጁስ የት ነው?»

«ፎቶውን እንጠይቀዋ» አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶን በፎቶ መፈለጊያ መንገድ አለ። ቀጥ ያደረገውን ፎቶ፣ ቀስቱንና ቢጫውን ጽሑፍ ቆርጦ ጥሎ፣ ሰጠው። ኮምፒውተሩ ብዙ የማይመለከታቸውን ወንበሮችና ብዙ ግራጫ ኮቶችን አመጣ፤ ሳቅ-በሉ ወደ ታች እያወረደ፣ ሰፊዋ እያንዳንዱን ኮት «የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም» እያለች ስታባርር ቆዩ። ድንገት እጁን ያዘችው።

ትልቅ ፎቶ ነው። ሰማያዊው ጭጋግ የለም፤ ፀሐይ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት ሠራተኞች ተደርድረው ምሳ ይበላሉ። ዳር ላይ ያለው አንገቱን የደፋው ሊሞት ሳይሆን ሊጎርስ ነው፤ ቢጫው ጽሑፍ ሸፍኖት የነበረው እጁ ላይ ዳቦ አለ፣ ጉንጩ በአንድ በኩል ተነፍቷል። የተለጠፈው በአንድ የመናፈሻ ቦታ ገጽ ላይ ሲሆን ከሥሩ «ከብርዱ ወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ፀሐይ፤ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት» ይላል። ፎቶው የተነሣበት ቀንም፣ ያነሣው ሰው ስምም ተጽፏል። ሦስት ሳምንቱ ነው።

«አስፊው፣ ክርኑን አስፊው!» አለች፤ በድንጋጤ ሰውዬውን በሴት አንቀጽ እንደጠራችው አላወቀችም። ሳቅ-በሉ አሰፋው። እራፊው በሦስት በኩል በቡናማ ክር፣ በአንድ በኩል ግን በጥቁር ተሰፍቷል። ያን ቀን ቡናማው ክር አልቆባት፣ «ማን ሊያየው» ብላ በጥቁር ነበር የጨረሰችው። ሌላ ማንም እንዲህ አይሰፋም፤ ሙያውን የሚያከብር ሰው እንዲህ አይሰፋም።

ልጁ ኮቱን አላወለቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱን ተቀይሞ፣ የዋሸችው አክስቱ የሰፋችለትን ኮት ለብሶ ይዞራል። ሰፊዋ ይህን ስታስብ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ሳቅ-በሉ ውሃ አመጣላት፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲል የኖረውን ሁለት ቃል ያን ጊዜ ሳይል ቀረ።

ወደ ቤት ስትገባ እትዬ ማድ ቤት አልነበረችም። የራሷ ክፍል ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ የልጇን አሮጌ ሸሚዞች ታጥፋለች። የታጠፉትን ትዘረጋለች፤ እንደገና ታጥፋለች። ስልኩ ጎኗ ላይ ነው፤ ያ ድምፅ ስለ እናት ፍቅር እያወራ ነው።

ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ታዪዋለሽ እንዴ?»

«ሦስተኛዬ ነው» አለች እትዬ ቀና ሳትል። «ደብዳቤውን አላነበቡልኝም። ምን ብሎኝ እንደሆነ ብቻ ባውቅ።»

«ግን እኮ… አይደለም አልኩሽ። ቀኝ ነው አልኩሽ።»

«አንቺ ክርኑን አየሽ። እኔ ማጅራቱን ነው ያየሁት። ማጅራቱን አጥቤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

እትዬ ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ፊትሽ ሲፈታ አየሁት። ሁለታችንም ከምንቃጠል አንዳችን እንኳ ትተኛ ብዬ ነው።»

ሰፊዋ እህቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ማቅለሏ መስሏት፣ ለካ ሸክሙን እዚያው ጥላባት ነው የሄደችው። ስልኳን አውጥታ ትልቁን ፎቶ ከፈተችና እህቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ሕያው ነው። ሦስት ሳምንቱ ነው። ያ ሁሉ ውሸት ነው፤ ደብዳቤ የለም፣ ብርድም የለም። ምሳውን ሲበላ ያነሡትን ፎቶ ሰርቀው ነው። እዪው፣ እየበላ ነው።»

እትዬ አላለቀሰችም። ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች፣ ክርኑን አልፋ፣ ትከሻውን አልፋ፣ ጉንጩ ላይ ደረሰች።

«ሞልቶታል» አለች። «እዪ፣ ጉንጩን ሞልቶታል። ሲቸኩል እንዲህ ነው የሚጎርሰው።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ እሱም ቶሎ አለቀ።

ከፎቶው ሥር ሰዎች አስተያየት ጽፈዋል። አንዷ «የኔ አናጺዎች! ፀሐይ ሲያዩ ሥራ ይረሳሉ» ብላለች፤ የሥራ ተቆጣጣሪያቸው መሆኗ ነው። ሰፊዋ በትሕትና ጻፈችላት። ሴትየዋ ሰዓት ሳይሞላ መለሰች፦ ዳር ላይ ያለው ከእሷ ጋር ይሠራል፤ ቁጥሩን ያለ ፈቃዱ መስጠት አትችልም፤ መልእክት ካለ ግን ነገ ጠዋት ታደርሳለች።

አሁን ምን ይጻፍ? ሰፊዋ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ፣ እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ለአንድ መልእክት እንደ ሁለት ሚኒስትሮች መከሩ።

«አጭርና የሚያስደነግጥ መሆን አለበት» አለች ሰፊዋ። «እንደዚያ ካልሆነ አይከፍተውም። ‹እናትህ ፎቶህን አይታ ራሷን ስታ ወደቀች› ልበለው?»

«ራሴን አልሳትኩም።»

«ልትስቺ ነበር እኮ!»

«አልሳትኩም አልኩሽ። ካሮቱንም ጨርሻለሁ።»

«እትዬ፣ በሞቴ! ‹ደህና ነኝ› ብለን ብንጽፍለት ማን ያነበዋል? ሰው እንዲያነበው ትንሽ…» ብላ እጇን በአየር ላይ አንቀሳቀሰች፤ ቀስት የምትሥል ይመስል ነበር። እጇን ራሷ አየችው፤ እዚያው ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታያት። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህች ጠረጴዛ ላይ የላከችው ምን ነበር? ስም ለውጣ፣ ልብ የሚሰነጥቅ አንድ መስመር ጽፋ፣ ከፍቶ ሲገባ ከውስጥ ምንም የሌለበት። ያ ገጽ ከማያውቀው ሰው ጠቅታ ሲሰበስብ ተናደደችበት፤ እሷ ግን ከምትወደው ልጅ ነው የሰበሰበችው። እነሱ ቢያንስ ፈተና አላስመለጡትም።

«እኔ እጽፈዋለሁ» አለች። «በራሴ ስም።» ቁጭ ብላ፣ አንዲት ቃለ አጋኖ ሳታስገባ፣ እንዲህ ጻፈች፦

«አክስትህ ነኝ። እናትህ ደህና ናት። ያን ጊዜ ‹አልጋ ይዣለሁ› የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከእሷ ስልክ፣ እሷ ሳታውቅ። አንተ ስትገባ ድንች እየላጠች ነበር፤ ምንም አታውቅም ነበር። ጥፋቱን በራሷ ላይ ያደረገችው እኔን ላለማሳጣት ነው። መናፈሻው ውስጥ ምሳ ስትበላ የተነሣኸውን ፎቶ አየን። ደስ አለን። መልስ ባትሰጥም ይገባኛል። ቁጥራችን ያው ነው።»

እትዬ በእህቷ ትከሻ ላይ አዘንብላ አነበበችው። «ይሄን ሁሉ ለምን ትነግሪዋለሽ? እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ አልከበደኝም።»

«እኔን ከበደኝ።»

እትዬ እጇን የእህቷ ፀጉር ላይ አሳረፈች፤ አንድ የተሰካ ስፒል አግኝታ ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰፊዋ መልእክቱን ላከችው።

በማግስቱ ምንም የለም። ከዚያም በማግስቱ ምንም። ሹፌሩ ሐሙስ መጥቶ ኮቱን ሲለብስ ሁለቱም እጅጌ ለአንድ ክንድ ተቆርጦ አገኘው፤ ሰፊዋ በሙያዋ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። «ሚኒስትርነቱ ይቅርብኝ» ብሎ ሳቀላት። እትዬ በሩ ሲንኳኳ ከወንበሯ ብድግ ማለት እንደገና ጀመረች።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የእትዬ ስልክ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። እትዬ እጇን ጠራርጋ፣ እንደገና ጠራርጋ፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሰፊዋ የስፌት መኪናውን ፔዳል አቆመች። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ይሰማል እንጂ ቃል የለም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የተጠራቀመ ወሬ ያላት እናት ምን ትላለች?

«ዳቦው በምን ነበር?» አለች እትዬ።

«…የቱ ዳቦ?»

«ፎቶው ላይ የምትበላው።»

ድምፁ ከወዲያ፣ ወፍሮ፣ ትንሽ ተሰብሮ መጣ። «በእንቁላል።»

«በደንብ በስሎ ነበር?»

«በስሎ ነበር፣ እማ። በደንብ በስሎ ነበር።»

ሳቀ ይሁን አለቀሰ አይለይም፤ እትዬም አልጠየቀችውም። ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ ፈተናውን ባለፈው ዓመት ተፈትኖ ማለፉን ሰማች፤ «ጎሽ» አለች፤ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሰፊዋ ወደ በሩ ማፈግፈግ እንደጀመረች እትዬ ስልኩን ዘረጋችላት። ሰፊዋ ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች። እትዬ ስልኩን እንደዘረጋች ቆየች፤ ስትመራት እንደኖረችው ታላቅ እህት ሆና ቆየች።

«አቤት» አለች ሰፊዋ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«አክስቴ፣ እውነት አታውቅም ነበር?»

«አታውቅም ነበር።»

«ሁለት ዓመት እሷን…» አለና ሊጨርሰው አልቻለም።

«እሷን ተዋት። እኔን ተቆጣኝ። ዝም ብለህ አትተወኝ፤ የፈለግኸውን በለኝ።»

ከወዲያ መጋዝ ይጮኻል፤ አንድ ሰው ይጣራል። ሰፊዋ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እቆጣሻለሁ» አለ። «በስልክ ግን አይሆንም። መጥቼ ነው የምቆጣሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች፤ እንባዋ አንገቷ ላይ ባለው ሜትር ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

«ምን አለሽ?» አለች እትዬ።

«ሊቆጣኝ ይመጣል።»

«መቼ?» አለች እትዬ ብድግ ብላ።